የሞንትጎመሪ የአውቶቡስ አድማ የድንገት ቁጣ አልነበረም

እግሯ የዛለ ምስኪን ልብስ ሰፊ ከሥራ በአውቶቡስ ስትመለስ ወንበሯን ለነጭ እንድትለቅ ብትታዘዝ «ደክሞኛል፤ አልነሣም» አለች፤ በዚያው አሜሪካ ተለወጠች። ስለ ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ በብዛት የሚተረከው ይህ ነው። ትረካው ለእሳቸው ያዘነ ቢመስልም ዕውቀታቸውንና ውሳኔያቸውን ይነጥቃቸዋል።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1955 በአላባማ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ከተማ ሲታሰሩ የ42 ዓመት ሴት ነበሩ። ልብስ ሰፊነታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ከ1943 ጀምሮ ኤንኤኤሲፒ በተባለው የጥቁሮች መብት ማኅበር የከተማው ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆነው በነጮች የተደፈሩ ጥቁር ሴቶችን በደል ሲከታተሉ የቆዩ ታጋይ ናቸው። በአውቶቡሱ ውስጥ የተቀመጡትም ለነጮች በተከለለው ወንበር ላይ አልነበረም፤ ከእሱ ኋላ ባለው ረድፍ ነው። የፊቱ ሲሞላ ሹፌሩ ለአንድ ነጭ ሲል አራት ጥቁሮችን ተነሡ አለ። ሦስቱ ተነሡ፤ እሳቸው እምቢ አሉ። በኋላ እንደተናገሩት ያደከማቸው የቀኑ ሥራ ሳይሆን ዘወትር እሺ ማለቱ ነበር።

የመጀመሪያዋ እምቢ ባይም አልነበሩም። ከዘጠኝ ወር በፊት የ15 ዓመቷ ተማሪ ክላውዴት ኮልቪን በዚያችው ከተማ ወንበሬን አልለቅም ብላ ታስራለች።

ከፓርክስ መታሰር በኋላ ጥቁሮች በከተማው አውቶቡስ ላለመሳፈር ያደረጉትን አድማ የጠራው ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው የሚለውስ? ፓርክስ በታሰሩበት ሌሊት መምህርት ጆ አን ሮቢንሰን ከጥቂት ሰዎች ጋር በኮሌጃቸው ማባዣ ማሽን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የአድማ ጥሪ በራሪ ወረቀት አባዝተው አደሩ። የ26 ዓመቱ ፓስተር ኪንግ መሪ ሆነው የተመረጡት አድማው በተጀመረበት በዲሴምበር 5 ነው። ከዚያ በኋላ ለ381 ቀናት ሕዝቡ በእግሩ ሄደ። ወደ 300 የሚጠጉ መኪኖች በየሠፈሩ እየዞሩ ሠራተኛ አመላለሱ። ጆርጂያ ጊልሞር የተባሉ ወጥ ቤት ከሌሎች ሴቶች ጋር ምግብ እየሸጡ ለአድማው ገንዘብ አሰባሰቡ። ሰላማዊ ትግል እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ለሚመስለው ሰው ይህ የአንድ ዓመት ድካም በቂ መልስ ነው።

በአውቶቡሶቹ ላይ የነበረው የዘር መለያየት የቀረውም ባለሥልጣናቱ ራርተው አይደለም። ሕዝቡ እየተራመደ ሳለ አራት ሴቶች መለያየቱን ተቃውመው በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በኖቬምበር 1956 ፈረደላቸው። ከከሳሾቹ መካከል ፓርክስ አልነበሩም፤ ኮልቪን ግን ነበረች። ይሁን እንጂ በ15 ዓመቷ ስትታሰር የተከፈተባት የክስ መዝገብ በፍርድ ቤት የተሰረዘላት በ2021 ነው።