ስለ ዓይነ ስውራን መንገድ መሪ መሣሪያና ስለ ጂፒኤስ መቀበያው አመራረጥ

ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በጠፈር የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች፣ እያንዳንዳቸው በተሸከሙት የአቶም ሰዓት እየተመሩ፣ ያሉበትን ስፍራና የተናገሩበትን ቅጽበት ሳያቋርጡ በራዲዮ ሞገድ ያውጃሉ፤ በእጅ መዳፍ የሚያዘው መቀበያም ቢያንስ የአራቱን ቃል ሰምቶ፣ መልእክቱ በመንገድ የቆየበትን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት አባዝቶ፣ ያለበትን ኬክሮስና ኬንትሮስ ያወጣል። ብርሃን በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚገሠግሥ፣ በሰዓቱ ላይ የሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ቢሳሳት 300 ሜትር መራቅ ነው።

ይህን ጥበብ ለዓይነ ስውር መሪ የማድረጉ ሐሳብ ሰንብቷል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በሳንታ ባርባራ፣ የሥነ ልቡና መምህር የነበሩት ጃክ ሉሚስ እ.ኤ.አ. በ1985 ውጥኑን ሲያስቡ፣ ከአንድ ዓመት በፊት የዓይናቸውን ብርሃን ያጡት የጂኦግራፊው ሊቅ ሬጂናልድ ጎሌጅ የሥራው ተባባሪ ሆኑ። የመጀመሪያው መሣሪያ በጀርባ የሚታዘል ከባድ ሸክም ነበረ፤ ይባስ ብሎም የአሜሪካ ጦር ለሲቪሉ ሕዝብ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያደበዝዘው ስለ ነበረ፣ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበረ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይህ ማደብዘዝ እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 እንዲቀር ካደረጉ በኋላ ግን ስሕተቱ ከ20 ሜትር በታች ወረደ፤ በትንሽ ኮምፒዩተርና በስልክ የሚናገሩ መሪዎችም ከዚያ ወዲህ ወደ ገበያ መጡ።

መቀበያ ለመግዛት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የሻጩን ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም ደካማ ምልክት ስለ መስማት ኃይሉ፣ ምልክት ለማግኘት ስለሚፈጅበት ጊዜና ስለ ባትሪው ብዙ ያትታል። እነዚህ ሁሉ ባይናቁም፣ በእኔ አስተያየት ዋናው ጉዳይ ከወረቀቱ ላይ አይገኝም። ዓይናማው መንገደኛ መሣሪያው አሥር ሜትር ቢስትበት ቀና ብሎ የሱቁን ስም ያነብና ስሕተቱን ሳያስበው ያርማል፤ ዓይነ ስውሩ ግን የመሣሪያውን ቃል የሚመዝንበት ሁለተኛ ምስክር በቅርብ ስለሌለው፣ እዚያው አሥር ሜትር ውስጥ የመንገዱ ማዶና የመንገዱ ወዲህ ሊለዋወጡበት ይችላሉ።

ከዚህ የተነሣ ለመኪና ታስቦ የተሠራ መቀበያ፣ ለነጂው እጅግ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ለዚህ ሰው ክፉ መሪ ሊሆን ይችላል። በአንድ ዘመን ስመ ጥር በነበረው፣ ሲርፍ ስታር ሦስት በተባለው የመቀበያ ቺፕ ላይ የተሠሩ ብዙ መቀበያዎች፣ መኪናው የትራፊክ መብራት ይዞት ሲቆም በካርታው ላይ ያለው ምልክት እንዳይቅበዘበዝ ተብሎ፣ ፍጥነቱ ሲያንስ ስፍራውን ባለበት የሚያስቀር ሥርዓት ነበራቸው። በነጭ በትሩ መሬቱን እየዳሰሰ የሚሄድ ሰው በሰዓት አራት ኪሎ ሜትር እንኳ ላይሞላ ስለሚችል፣ መሣሪያው እንደ ቆመ ይቈጥረውና ዝም ይላል፤ በኋላ ሲነቃም መታጠፊያው አልፏል። ስለዚህ ይህ ሥርዓት መጥፋት ይችል እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የመኪና ፕሮግራም ሰውየውን በግድ ከአውራ ጎዳና መስመር ላይ የሚያስቀምጥበት ልማድም ከዚሁ ወገን ነው፤ እግረኛ በግቢና በሜዳ ያቋርጣልና።

ጂፒኤስ አቅጣጫን የሚያውቀው ከእንቅስቃሴ ብቻ ስለ ሆነ፣ ለቆመ ሰው ፊቱ ወደ ምሥራቅ ይሁን ወደ ምዕራብ ሊነግረው አይችልም፤ ኮምፓስ አብሮት ያለው መሣሪያ ተመራጭ የሚሆነው ለዚህ ነው። ምልክቱ የሚነሣው ከተራ አምፖል ብዙም በማይበልጥ ኃይል ስለ ሆነ፣ የሰው ገላ ይጋርደዋል፤ ከኪስ ይልቅ ትከሻ ላይ ቢሰካ ይሻላል። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኘው ዓይነት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁኔታውን የሚገልጸው በትንንሽ መብራቶች ብልጭታ ነው፤ ለማያይ ሰው የተሸጠ ዕቃ በመብራት ሲናገር እጅግ ይገርማል! ድምፅ ወይም ንዝረት ያለው፣ ወይም ቢያንስ ቦታውን በጣት የሚለዩት ጠንካራ ማብሪያ ያለው ይፈለግ።

ረጃጅም ሕንፃዎች ባሉበት ምልክቱ ከግድግዳ ተንፀባርቆ ስለሚደርስ መንገዱ ይረዝማል፣ ስፍራውም ይዛባል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአንዳንድ ስልኮች ውስጥ የገቡት በሁለት ሞገድ የሚሠሩ መቀበያዎች፣ ሁለተኛው ሞገድ በቀጥታ የመጣውን ከተንፀባረቀው ለመለየት ስለሚያመች፣ ይህን ጉዳት በብዙ ያቃልላሉ፤ ለብቻው የሚገዛ መቀበያም እየተረሳ ነው። ስልኩ ግን በየቅጽበቱ ስሕተቱ ስንት ሜትር ሊሆን እንደሚችል በውስጡ እየገመተ፣ ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ይህን ግምት ለባለቤቱ ሳይነግሩ «ደርሰዋል» ይላሉ። ገዢው በሱቅ ደጃፍ ቆሞ ሊፈትነው የሚገባው ይህንን ነው፤ ከሕንፃ ሥር ሲገባ መሣሪያው «አሁን እስከ 30 ሜትር ልሳሳት እችላለሁ» ብሎ በድምፅ ይናገራል ወይስ አይናገርም?