ሂቦዋን ይዛ የተጋዘች ልጅ

በጅማ አካባቢ ያለው ሊሙ ዛሬ የሚታወቀው በቡናው ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን ሊሙ ኢናሪያ የሚባል መንግሥት ነበር፤ አስቴር ጋኖም የዚያ አገር ልጅ ነች። በባርነት ተይዛ በመርከብ ወደ ዓረብ አገር ስትጋዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ጣሊያኖች ከመርከቡ አስጥለው ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ላለው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጧት። ኦነሲሞስ ነሲብን ያገኘችው እዚያ ነው፤ እሱም ከኢሉባቦር በልጅነቱ ተወስዶ ከእጅ ወደ እጅ የተሸጠ ሰው ነበር። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1894 በግእዝ ፊደል የታተመ የኦሮምኛ ማንበቢያ አወጡ። አስቴር ከልጅነት ትዝታዋ የጻፈቻቸው ዘፈኖች፣ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና ሂቦዎች (እንቆቅልሾች) ወደ 500 ይጠጋሉ።

ለትንንሽ ልጆች ባርነትን በሥዕል መጽሐፍ ማስተማር ለሚፈልግ የጅማ መምህር ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም። በሥዕል መጽሐፍ ግማሹን ታሪክ የሚናገረው ሥዕሉ ነው፤ ፊደል ያልለየ ልጅም ያነበዋል። ኤለን ሌቪን ጽፋው ካዲር ኔልሰን የሣለው፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመው የአሜሪካ መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1849 በእንጨት ሣጥን ታሽጎ ወደ ነፃነት የተላከውን የሄንሪ ብራውንን ታሪክ የሚጀምረው ከሣጥኑ አይደለም። ሄንሪ ዕድሜውን አያውቅም። በጣቶቹ ዓመቱን ቆጥሮ ለሚያሳይ ሕፃን ከጅራፍ ይልቅ ይህ ይገባዋል።

የአስቴርም መጽሐፍ ቢሠራ ከምሽት እሳት ዳር ይጀምር፤ ልጆቹ ሂቦውን ራሳቸው ይመልሱ፣ ይሳቁ፣ ይውደዷት። ከዚያ በሚቀጥለው ገጽ ቦታዋ ባዶ ይሁን። «ማን ወሰዳት?» ማለታቸው አይቀርም። መልሱ ባሕር ማዶ ያሉ ገዢዎች ብቻ ናቸው ማለት ግን ማታለል ነው፤ የዛሬዋ ጅማ በበቀለችበት በሂርማታ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር፤ በሻጮቹም በገዢዎቹም መካከል የአገር ሰዎች ነበሩ። ለሕፃን ጭካኔውን መዘርዘር አያስፈልግም፤ ሰው ሰውን መሸጡን ግን መደበቅ አይገባም።

መርከቡም መሳል አለበት፤ ብዙ ገጽ ግን አይውሰድ። አለዚያ ልጁ ነፃነትን ሌሎች የሚሰጡት ስጦታ አድርጎ ይወስደዋል። የሚበዛው ገጽ ለብዕሯ ይሁን፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምት ሄዳ ላስተማረቻቸው ልጆች።

«ይህ መቼ ነበር?» ለሚል ልጅ መልሱ ቅርብ ነው። በኢትዮጵያ ባርነትን ፈጽሞ የከለከለው አዋጅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። አስቴር ያረፈችውም እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ያኔ የብዙዎቹ ተማሪዎች አያቶች ተወልደው ነበር።