የሴተኛ አዳሪነት ሕግ፦ ከቦንጋ እስከ ፓርላማ

በኢትዮጵያ ሴተኛ አዳሪነት ራሱ ወንጀል አይደለም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 634 የሚቀጣው አቃጣሪውን፣ በሌላው ሴተኛ አዳሪነት የሚተዳደረውንና ለዚሁ ቤት የሚከፍተውን ነው። አንቀጽ 846 ግን በአደባባይ ተገቢ ባልሆነ መንገድ ደንበኛ መሳብንና ጎረቤት ማወክን በደንብ መተላለፍ ያስቀጣል። ስለዚህ ሴቲቱ ወንጀለኛ ሳትባል መንገድ ላይ በቆመች ቁጥር ለቅጣት ትጋለጣለች፤ ይህ የሕጉ ትልቁ ጉድለት ነው።

ይህን ጉድለት ክልል ሊያርመው ይችል ይሆን? የከፋ ዞን ዋና ከተማ ቦንጋ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ናት። ይሁንና በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55(5) መሠረት የወንጀል ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ክልሎች ሊደነግጉ የሚችሉት የፌዴራሉ የወንጀል ሕግ ባልሸፈነው ጉዳይ ብቻ ነው። ለቦንጋ ሴቶችም የሚበጀው ማሻሻያ መምጣት ያለበት ከአዲስ አበባ ነው።

የሌሎች አገሮች ፓርላማዎች የተለያየ መንገድ ይዘዋል። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሻጯን ሳይሆን ገዢውን ትቀጣለች። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራውን ከወንጀል ያወጣችው በ60 ለ59 ድምፅ ነበር። የኢትዮጵያ ምክር ቤት አባላትም አንቀጽ 846ን ከመንካታቸው በፊት ሕጉ የሚነካቸውን ሴቶች ጠርተው ሊሰሙ ይገባል።