የሌላውን ሰው ችግር በራስ ድምፅ

ተዋናይ ስለ ማኅበረሰብ ችግር የሚናገርበት መንገድ ከሰባኪውም ከባለሥልጣኑም ይለያል። እነሱ ጥፋተኛውን ከውጭ ሆነው ይገሥጹታል፤ ተዋናዩ ግን ጥፋተኛውን ራሱን ሆኖ መናገር አለበት። ለዚያ ደግሞ ሰውዬው ለምን እንዲህ እንደሚያስብ አስቀድሞ መረዳት ይኖርበታል።

የተዋናዩ የወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተሰኘውን ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ሲያሳትሙ አብዛኛው ሕዝብ ማንበብ አይችልም ነበር። ወጋየሁ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ልብ ወለዱ ፊደል ያልቆጠረው ቤት ድረስ ገባ። ለፊታውራሪ መሸሻ፣ ለጉዱ ካሣ፣ ለበዛብህ፣ ለሰብለ ወንጌል ለየብቻ ድምፅ የሰጣቸው አንድ ሰው ነው። ፊታውራሪን መሳለቂያ ብቻ ቢያደርጋቸው ኖሮ አድማጭ ስቆ ባለፈ ነበር። ኩራታቸውን ከልብ አድርጎ ስለተናገረው ግን በዘርና በማዕረግ መመካት ልጅን እስከ ማሳጣት እንዴት እንደሚያደርስ ሰሚው ራሱ ደረሰበት።

ይህንኑ መንገድ በዘዴ የተጠቀመበት «የቀን ቅኝት» የተሰኘው ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ነው። ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ያዘጋጀው ይህ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች የተላለፈ ሲሆን፣ በኤች አይ ቪ፣ በቤተሰብ ምጣኔና በሴቶች ኑሮ ላይ ያተኮረ ነበር። ከ15 ሺህ በላይ የአድማጭ ደብዳቤ ጎርፎለታል። የአሠራሩ መሠረት ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ ለቴሌቪዥን ድራማ የቀመረው ስልት ነው፦ አንድ መልካም፣ አንድ ክፉ፣ በመካከላቸው ደግሞ ወዲህም ወዲያም የሚዋልል ሰው ይቆማል። አድማጭ ራሱን የሚያየው በዚህ ሦስተኛው ነው። በድራማው ፍቅርተና ዳምጤ የሚዋደዱ ባልና ሚስት ናቸው፤ ዳምጤ የነገር ሠሪ ወሬ አምኖ ሚስቱን ይጠረጥራል፣ በንዴቱ ሌላ ሴት ጋ ይሄዳል፣ ቫይረሱም ይይዘዋል። እንዲህ ያለውን ሰው የሚጫወት ተዋናይ መጨረሻውን እያወቀ እንደማያውቅ መሆን አለበት። ወሬውን የሚያምንበት ቅጽበት እውነት ካልመሰለ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ተራ ምክር ይሆናል።

አንዳንዱ ተዋናይ በመድረክ ብቻ አይወሰንም። እንደ ወጋየሁ ሁሉ በሃንጋሪ ቴአትር የተማረው ደበበ እሸቱ በ1973 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ፊልም ተውኗል፤ የአፍሪካ የትዕይንት ጥበብ ባለሙያዎችን ኅብረትም መርቷል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከተቃዋሚው ፓርቲ ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታስሮ በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ ወጣ፤ በ2003 መጨረሻም እንደገና ታሰረ። ሕዝብ በድምፁ የለመደው ሰው በራሱ ስም ሲናገር ቃሉ ይከብዳል፤ የሚከፍለው ዋጋም እንዲሁ።

ወደ ገጠሩ አድማጭ ስንመለስ፣ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በይርጋጨፌ አካባቢ ለምትገኘው የቡና ቀበሌ ለአሪቻ፣ ቴአትር ማለት በአመዛኙ ሬዲዮ ነው። እዚህ ላይ የቋንቋ ነገር ይመጣል። የአካባቢው አፍ ጌዴኡፋ ነው፤ በአማርኛ የተሠራ ድራማ ገበያ የሚወጣውንና ትምህርት ቤት የዋለውን ቢደርሰውም፣ ከጓሮዋ ርቃ የማትሄደውን እናት ላይደርሳት ይችላል። እዚያ ድራማ ሊነካው የሚገባው ጉዳይ ደግሞ ቀላል አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል። በሁለቱ ሕዝቦች ዘንድ ደም ሲፈስ ሽማግሌዎች የሚያስታርቁበት ጎንዶሮ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ጌዴኦዎችም ሶንጎ በሚሉት የሸንጎ ስፍራ ተቀምጠው ነገር ያያሉ። ይህን ቁስል የሚነካ ድራማ በጌዴኡፋና በአፋን ኦሮሞ ቢሠራ፣ ተዋናዩም ተፈናቃዩን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱን ያባረረውን ሰው ጭምር እውነት አድርጎ ቢጫወተው፣ በሁለቱም ወገን ያለ አድማጭ የራሱን ሰው ድምፅ ይሰማበታል።