ክረምትና የሊማሊሞ ቁልቁለት

«ክረምት» የሚለው ስምና «ከረመ» የሚለው ግስ ከአንድ ሥር የበቀሉ መሆናቸውን ልብ የሚል ሰው ብዙ አይደለም። ወዳጃችንን «እንዴት ከረሙ?» ብለን ስንጠይቅ፥ በጥንቱ አነጋገር ክረምቱን በአንድ ቦታ ተቀምጠው እንዴት አሳለፉት ማለታችን ነው። አባቶቻችን ዝናሙ ሲጠና ረጅም መንገድ አይጀምሩም ነበርና። ነጋዴው ጭነቱን ያራግፋል፤ ሠራዊቱ ወደየቀዬው ይመለሳል፤ ንጉሡም በአንድ ስፍራ ይከርማል። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን በ17ኛው መቶ ዓመት ከመቆርቆራቸው በፊት የነገሥታቱ ከተማ ብዙውን ጊዜ የጥቂት ክረምት ማረፊያ ነበረ።

ዛሬ በመኪና ስለምንሄድ ይህን ልማድ ረስተነዋል። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ደግሞ ነገሩ በቀጥታ ይነካዋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፤ ስለዚህ በበጋው ያልተፈጸመው የመስክ ሥራ ሁሉ ሰማዩ በሚከፈትበት ወር ይጣደፋል። ይህን አቆጣጠር የቀመረው ሰው ስለ ዝናሙ እምብዛም ያሰበ አይመስለኝም። እንዲህ ባለው ወቅት ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ወደ ዓዲ አርቃይ ለመውረድ የታዘዘ ሰው ምን እንደሚጠብቀው መግለጽ የዛሬው ንግግራችን ዓላማ ነው።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በኮሶዬ፥ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ በከፍታው ላይ ይዘልቃል። በዚህ ክፍል የሚያስቸግረው ጉሙ ነው፤ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ በቅጽበት መንገዱን ይሸፍነዋል። ከደባርቅ በኋላ ግን ምድሩ ባንድ ጊዜ ያልቃል። ሊማሊሞ የሚባለው ቁልቁለት ከዚያ ይጀምራል፤ መንገዱም እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ከምጽዋ ወደ ጎንደር ሲመጣ በዚሁ ዳገት ወጥቷል፤ እርሱም ቢሆን የወጣው በበጋ ነው። የመኪናውን መንገድ ከገደሉ ላይ የጠረቡት ጣልያኖች ናቸው፤ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን ነው።

የዚህ መንገድ ጠላት ከፍታው አይደለም፤ ውኃ ነው። ተራራው ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ የተፋው ቅልጥ ድንጋይ ንብርብር ነውና፥ ዝናሙ በንብርብሩ መካከል እየሰረገ ድንጋዩን ያላቅቀዋል። መንገዱን የሠሩት መሐንዲሶች ይህን አውቀው በተራራው በኩል ቦይ ቆፍረዋል፤ ከመንገዱም በታች የውኃ መተላለፊያ አበጅተዋል። እንግዲህ ከላይ የተንከባለለ አንድ ድንጋይ ቦዩን ቢዘጋው ምን ይሆናል? ውኃው መውጫ ሲያጣ መንገዱን ያቋርጥና በገደሉ በኩል ያለውን የድጋፍ ግንብ ከሥሩ መቦርቦር ይጀምራል። ላዩ ደህና መስሎ ይታያል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። የቀመሰ ሾፌር በክረምት ወደ ተራራው ተጠግቶ የሚነዳው፥ በገደሉም በኩል አዲስ ስንጥቅ ሲያይ ወርዶ የሚመረምረው ስለዚህ ነው።

በአንድ የሐምሌ ቀን ከቁልቁለቱ አፍ ላይ ደርሰን ሳለ ሾፌራችን መኪናውን አቆመና «ጋሼ፥ እዚህ እንደር» አለኝ። ሰዓቱ ገና ዘጠኝ ነበረ፤ ከእኛም ጋር የነበሩ አንድ ሹም በማግሥቱ ስብሰባ አለብኝ ብለው ተቆጡ። ሾፌሩ በትሕትና መለሰላቸው፤ ነገር ግን ሞተሩን አላስነሣም። ማታውን የወረደው ዝናም ከታች በኩል መንገዱን በናዳ ዘግቶት አደረ። በበኩሌ፥ በእንዲህ ያለው ስፍራ የመሄዱና የመቆሙ ውሳኔ የሾፌሩ እንጂ የማዕርግ ባለቤት መሆን የለበትም እላለሁ። መሥሪያ ቤቶችም ይህን በጽሑፍ ቢደነግጉት ሾፌሩ እንጀራውን ሳይፈራ እውነቱን ይናገራል።

የክረምቱ ዝናም በደጋው ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ ቁልቁለቱን በማለዳ መጀመር ይበጃል። ሲወርዱ ፍሬን ላይ ብቻ መተማመን አይገባም፤ ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ ማድረግ ያሻል። ከታች ቆላው ሲደረስ ፀሐይ ሊወጣ ይችላል፤ እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ወንዙ የሚሞላው በእርስዎ ራስ ላይ በሚዘንበው ሳይሆን ከላይ በስሜን በዘነበው ነውና፥ ውኃው ደፍርሶ ግንድና ቅጠል ይዞ ሲመጣ ከዳር ቆመው ይጠብቁ። ደራሽ ውኃ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሰዓት ይጎድላል። ያ ሁሉ ውኃ መድረሻው ተከዜ ነው።

ከደባርቅ ወደ ዓዲ አርቃይ ሳይወርዱ ወደ ምሥራቅ ቢታጠፉ፥ የጠጠር መንገድ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ ወደ መካነ ብርሃን ያደርሳል። በዚያ አካባቢ የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። ደጃዝማች ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ያሰናዷት ነበረች፤ ነገር ግን ደጃዝማች ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ድል ነሥተዋቸው፥ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ያ ዘመቻም በበጋ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ይኸው መንገድ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መካከል ያልፋል። ዋልያና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ይህ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 ግን አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ መንገዱ ነበረ፤ ከፓርኩ ውጭ ይዙር ተባለ። በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ሰዎችም በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ወጣ። ቤታቸውን የለቀቁትን ሰዎች ሳያስታውሱ ስለ ዱሩ ውበት ብቻ ማውራት ግን ከባድ ነው።

ለጉብኝት የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ጥቅምትን ይመርጣል፤ መንገዱ ደርቋል፥ ሰማዩም ጠርቷል። ይሁን እንጂ ከሳንቃበር አልፎ የጅንባር ፏፏቴ ከገደል አፋፍ በሙሉ ኃይሉ ሲወረወር ማየት የፈለገ፥ ክረምቱ ሳይርቅ፥ በመስከረም መሄድ አለበት። ካፖርትና የሁለት ቀን ስንቅ ይያዝ፤ ለሾፌሩም ጭምር።