የቅጂ መብት ለድረ ገጽና ለብሎግ ባለቤቶች

የቅጂ መብት አንድ የሥራ አመንጪ (ደራሲ፣ ፎቶ አንሺ፣ ዜማ ደራሲ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ወዘተ.) ሥራውን ማን እንደሚያባዛው፣ እንደሚተረጉመው፣ እንደሚያሰራጨውና ለሕዝብ እንደሚያቀርበው የመወሰን መብት ነው። ይህ መጣጥፍ በኢትዮጵያ ድረ ገጽ ወይም ብሎግ ያለው ሰው ስለዚህ መብት ማወቅ የሚገባውን ያብራራል። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና በአካባቢያቸው ካሉ የሐዲያና የከምባታ ከተሞች የተወሰዱ ናቸው።

ሕጉ

በኢትዮጵያ የደራሲያን መብት በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነበር። ዛሬ የሚሠራበት ዋናው ሕግ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። የቅጂ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት የፌዴራል መንግሥት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሐዲያና ከምባታ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከደቡብ ክልል ወጥተው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲታቀፉ በዚህ ረገድ የተለወጠ ነገር የለም። ሆሳዕና ላይ የሚጻፍ ብሎግም አዲስ አበባ ላይ የሚጻፍም የሚዳኙት በአንድ አዋጅ ነው።

መብቱ የሚገኘው በመመዝገብ አይደለም። ሥራው ወጥ (ከሌላ ያልተቀዳ) ከሆነና በወረቀት፣ በፋይል ወይም በሌላ ነገር ላይ ከሰፈረ ጥበቃው ከዚያ ይጀምራል። ጥሩ ይሁን መጥፎ፣ ለገበያ ይሁን ለመዝናኛ፣ ሕጉ አይጠይቅም። ገጹ ግርጌ ላይ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚል ጽሑፍ አለመኖሩም መብቱን አያስቀርም። ብዙ ሰው ግን ምልክቱን ካላየ «ነፃ ነው» ብሎ ይወስዳል።

ማንም የማይይዘው

ሐሳብ፣ ዘዴ፣ ግኝትና ተራ መረጃ የቅጂ መብት የለባቸውም። የያሆዴ በዓል መቼ እንደሚከበር፣ ዱራሜ የከምባታ ዞን ከተማ መሆኗን፣ እንሰት እንዴት እንደሚፋቅ ማንም ሊጽፍ ይችላል። የሚጠበቀው አንድ ሰው ይህን ያስረዳበት የራሱ አጻጻፍ ነው። አዋጆች፣ ደንቦች፣ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችና ይፋዊ ትርጉሞቻቸውም ከጥበቃ ውጭ ስለሆኑ ነጋሪት ጋዜጣን እንዳለ ድረ ገጽ ላይ ማውጣት ይቻላል።

በአካባቢው ቋንቋዎች ለሚጽፉ ሰዎች ይህ ልዩነት ትልቅ ቦታ አለው። ሽማግሌዎች ሲያወርዱት የኖሩት የሐዲይኛ ተረት ደራሲው አይታወቅምና የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። ነገር ግን አንድ ተማሪ መንደር ለመንደር ዞሮ፣ ቀድቶ፣ በራሱ ቃላት ጽፎ ካወጣው፣ ያ ጽሑፍ የእሱ ነው። ሌላው ተረቱን ከራሱ አያት ሰምቶ ሊጽፍ ይችላል እንጂ የተማሪውን አንቀጾች ገልብጦ ስሙን ሊያነሳ አይችልም። ጽሑፉን ወደ አማርኛ ወይም ወደ ከምባትኛ መተርጎምም ፈቃድ ይፈልጋል፤ መተርጎም በአዋጁ የሥራ አመንጪው መብት ሆኖ ተቀምጧልና። የመዝገበ ቃላትም ነገር እንዲሁ ነው። ቃላቱ የሕዝብ ናቸው፣ ፍቺውን የጻፈው ሰው ድካም ግን የእሱ ነው። በነዚህ ቋንቋዎች በኢንተርኔት የሚገኘው ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ አንድ ሰው የደከመበት ሥራ ያለ ስም አሥር ቦታ ሲበተን ያ ሰው ሁለተኛ ለመጻፍ ምን ምክንያት ይኖረዋል?

ፎቶግራፍ

የአዋጁ አስገራሚ ድንጋጌ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፎቶግራፍ የሚጠበቀው የስብስብ አካል ከሆነ፣ በመጽሐፍ ከታተመ፣ ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ምልክት ወይም አድራሻ ከያዘ ብቻ ነው። አንድ ወጣት የያሆዴን ጭፈራ በስልኩ አንስቶ ያለ ምንም ምልክት ፌስቡክ ላይ ቢለጥፈውና በማግሥቱ አሥር ገጾች ላይ ቢያገኘው፣ «የእኔ ነው» ቢል እንኳ በዚህ ሕግ የሚቆምበት መሬት ቀጭን ነው። ግጥም የጻፈ ሰው ይህ ቅድመ ሁኔታ የለበትም። ድንጋጌው ፎቶ በስቱዲዮ ማኅተም ይታወቅ የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ ነው፤ ዛሬ ሁሉም ሰው በኪሱ ካሜራ ይዞ ስለሚዞር ሊታረም የሚገባው ይመስላል። እስከዚያው ግን መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመለጠፍ በፊት ስምን ወይም የድረ ገጽን አድራሻ በሚታይ ቦታ ፎቶው ላይ ማሳረፍ። ካሜራው በፋይሉ ውስጥ የሚመዘግበው ድብቅ መረጃ (ቀን፣ የስልኩ ዓይነት) ብቻውን አያስተማምንም፤ ፌስቡክ ሲጫንበት፣ ቴሌግራምም እንደ ፎቶ ሲላክበት ያጠፋዋል። ዋናውን ፋይል ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ግን ለማስረጃ ይጠቅማል።

የፎቶግራፍ ጥበቃ ዘመንም አጭር ነው፤ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት።

መብቱ እስከ መቼ?

ለመጻሕፍትና ለመሰል ሥራዎች ጥበቃው የሥራ አመንጪው በሕይወት ያለበት ዘመንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። መጽሐፉ «የድሮ» መሆኑ ብቻ አይበቃም። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከታተመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት ግን በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ ጊዜው የሚያልቀው በ2046 ዓ.ም. ነው። በአንጻሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1938፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም በ1947 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ስላረፉ ሥራዎቻቸውን ማንም ጽፎ ሊያወጣ ይችላል። ዘመናዊ አዘጋጅ የጨመረው መግቢያና ማብራሪያ ካለ ግን እሱ የአዘጋጁ ነው።

ሳያስፈቅዱ መጠቀም የሚቻልበት

አዋጁ ከታተመ ሥራ ላይ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ መጠኑ ለዓላማው ከሚያስፈልገው ካላለፈና ደራሲውና ምንጩ ከተገለጹ። ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማድረግም ይቻላል፤ የመጽሐፍን ሙሉ ወይም አብዛኛውን ክፍል፣ ሶፍትዌርንና የመረጃ ቋትን ግን አይጨምርም። ለማስተማርና ለዜና የተወሰኑ ፈቃዶች አሉ።

ተማሪዎች ዘንድ የተለመደው ስሕተት ከዚህ ይመነጫል። «ለትምህርት ነው፣ አልሸጥኩትም» እያሉ አንድን መጽሐፍ ከሽፋን እስከ ሽፋን ስካን አድርጎ ፒዲኤፉን በቴሌግራም ቻናል ወይም በብሎግ መልቀቅ ከነዚህ ፈቃዶች በአንዱም ውስጥ አይገባም። «ምንጭ፦ ኢንተርኔት» ወይም «ፎቶ ከጉግል» ብሎ መጻፍም ፈቃድ አይደለም። ጉግል ፈላጊ እንጂ ባለቤት አይደለም።

ክፍት ፈቃዶች

አንዳንድ ባለቤቶች አስቀድመው ይፈቅዳሉ። የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃዶች (የመጀመሪያዎቹ በ2002 እ.ኤ.አ. ወጡ) ለዚህ የተዘጋጁ ናቸው። የውክፔዲያ ጽሑፍ በዚህ ዓይነት ፈቃድ ስለሚወጣ ማንም ለብሎጉ ሊወስደው ይችላል፤ ግን ምንጩን መጥቀስ፣ ለውጥ ካደረገ ማሳወቅና የራሱን ቅጂ በዚያው ፈቃድ ማውጣት አለበት። ወደ ውክፔዲያ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከሰው ብሎግ ያለ ፈቃድ ተገልብጦ የገባ መጣጥፍ ይሰረዛል።

የድረ ገጹ አካል የሆኑት ነገሮችም ፈቃድ አላቸው። ዎርድፕሬስ ራሱ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ የሚሸጥ ገጽታን (ቴም) ቁልፉ ከተሰበረበት ቦታ ማውረድ ግን መብት መጣስ ሊሆን ከመቻሉ ሌላ ብዙ ጊዜ ጎጂ ኮድ ይዞ ይመጣል። ለግዕዝ ፊደል አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ በክፍት ፈቃድ ስለሚገኙ ሰርቨር ላይ መጫን ይቻላል። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ኒያላ ግን እንደዚያ አይደለም።

ድረ ገጹን በገንዘብ ያሠራ ሰውና የሠራው ባለሙያስ? በአዋጁ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ባለቤቱ አሠሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው ነው። መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ስለሆነ ጓደኛሞች ቢሆኑም አንድ ገጽ ውል መፈራረም ይሻላል።

የውጭ አገር ሥራና የውጭ አገር ሰርቨር

ኢትዮጵያ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አባል ብትሆንም ለብዙ ዓመታት ከበርን ስምምነት ውጭ ቆይታለች። ከዚህ ተነስተው «የፈረንጅ ፎቶ ኢትዮጵያ ውስጥ ነፃ ነው» የሚሉ አሉ። ብሎጉ ግን ብዙ ጊዜ የተቀመጠው ውጭ አገር ነው። ብሎገር፣ ዩቲዩብና ፌስቡክ የአሜሪካ ድርጅቶች በመሆናቸው በዚያ አገር የ1998 ሕግ ይሠራሉ፦ ባለመብት ነኝ የሚል ሰው በቅጹ ሲያመለክት ይዘቱ ይነሳል፤ የለጠፈው ሰው መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል፤ ጥሰቱ ከተደጋገመ መለያው ይዘጋል።

ሥራው የተቀዳበት ሰው

ያው ቅጽ ለሆሳዕናውም ጸሐፊ ክፍት ነው። ከማመልከት በፊት የተቀዳውን ገጽ አድራሻውና ቀኑ እንዲታይ አድርጎ ስክሪንሾት መያዝ ያስፈልጋል፤ ገልባጩ መልእክት ሲደርሰው ቶሎ ያጠፋዋልና። ብዙው ነገር በአንድ ጨዋ መልእክት ያልቃል። ካላለቀ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። የ1996ቱ አዋጅ ሲወጣ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ፣ ሆን ብሎ የጣሰም ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደንግጎ ነበር። ሥራን አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ግዴታ ባይሆንም፣ ክርክር ሲነሳ ማን ቀድሞ እንደጻፈ ለማሳየት ይረዳል።