የቤት ቪዲዮን ወደ ዲስክ ስለ መገልበጥ

በዛሬው ንግግራችን ልናስረዳ ያሰብነው፥ በየቤቱ ቁም ሣጥን ተቀምጦ የሚገኘው የሠርግ፥ የክርስትናና የተዝካር ቪዲዮ ያለ ጉዳት ወደ ዲስክ የሚገለበጥበትን መንገድ ነው።

ጉዳዩ እንደ ቦንጋ ባሉ ዝናማማ ከተሞች ይበልጥ ያስቸኩላል። የከፋን ደንና ቡና የሚያለመልመው እርጥበት ለካሴት ጠላት ነው፤ ክሩን ሻጋታ ይይዘዋል፥ ሥዕሉም እየደበዘዘ ይሄዳል። የቪ ኤች ኤስ ማጫወቻም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2016 የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ ማምረቱን ካቆመ ወዲህ አዲስ አይሠራም። ስለዚህ የሞተ አባቱን ድምፅ በካሴት የያዘ ሰው፥ የሚሠራ ማጫወቻ ከዘመድ ተበድሮም ቢሆን ሳይውል ሳያድር ሊጀምር ይገባዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማቀናበርንና ዲስክ ማሰናዳትን አንድ ሥራ አድርጎ በመቍጠሩ ነው። ማቀናበር ማለት ትርፉን ቈርጦ፥ የቀረውን በቅደም ተከተል መቀጠል ነው። ማሰናዳት ግን ያለቀውን ቪዲዮ ማጫወቻ ሊያነበው በሚችል ሥርዐት ማደራጀት፥ ማውጫና ምዕራፍም ማበጀት ነው። እንግዲህ ሁለቱን የሚሠራ አንድ ውድ ፕሮግራም ከመፈለግ፥ ለየሥራው አንድ ነጻ ፕሮግራም መያዝ በእኛ አስተያየት ይሻላል። የታወቀው የአዶቤ ኢንኮር እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2012 እትሙ በኋላ ተከታይ አልወጣለትም፤ ዊንዶውስ ቪስታና 7 ይዘውት የነበረው የዲስክ መሥሪያም በዊንዶውስ 8 ቀርቷል። ለማቀናበር ሾትከት፥ ለማሰናዳት ዲቪዲስታይለር ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ዲስክ የሚቀበለው ኤም ፔግ 2 የተባለውን አጨማመቅ ነው፤ ቪዲዮ ደግሞ በተጨመቀ ቍጥር ጥራቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ከማቀናበሪያው ሲወጣ አንድ ጊዜ ብቻ ለዲስክ በሚስማማ ልክ ይጨመቅ፤ ማሰናጃውም እንደገና ሳይጨምቅ እንዳለ እንዲገለብጠው ይታዘዝ። ተራው ዲስክ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ቪዲዮ በሰከንድ እስከ 8 ሜጋቢት ሊሰጠው ይችላል፤ ሁለት ሰዓት ከሆነ ግን ድምፁን ጨምሮ ከ5 ማለፍ የለበትም። የአራት ሰዓት ሠርግ በአንድ ዲስክ ይግባልኝ የሚል ሰው፥ የሙሽራይቱ ፊት በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ቢታየው አይገረም።

በአገራችን የተለመደው የፓል ሥርዐት ሲሆን፥ ሥዕሉ 720 በ576፥ በሰከንድም 25 ነው። አሜሪካ ካለ ዘመድ የሚላክ ቪዲዮ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ 30 ይጠጋል፤ የስልክ ቪዲዮም ፍጥነቱ ይለዋወጣል። አስቀድሞ ወደ ቋሚ 25 ካልተለወጠ ድምፁ ከከንፈር ይለያያል።

የአማርኛ ርእስ በማውጫው ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ የሚመጣበት ጊዜ አለ። መፍትሔው ጽሑፉን በሌላ ፕሮግራም እንደ ሥዕል ሠርቶ ከበስተ ኋላ ማስገባት ነው። ምዕራፎቹም ቤተ ክርስቲያን፥ ምሳ፥ መልስ ተብለው ቢለዩ ለሽማግሌ ተመልካች ይመቻሉ።

«ፍላሽ እያለ ዲስክ ለምን?» የሚል አይጠፋም። ፍላሽ ለቢሮ ሥራ ተበድረውት ተደምስሶ ይመለሳል፤ ተራ ዲስክ ግን አንዴ ከተጻፈበት ሌላ አይጻፍበትም። ቢሆንም በዲስኩ ያለው የተጨመቀ ግልባጭ ነውና ዋናውን ቅጂ ፈጽሞ አታጥፉ። ስቱዲዮ ያስቀረጸም ሰው ዲስኩን ሲረከብ ዋናውን ጨምሮ ይጠይቅ፤ በዲጂታል ካሴት ከተቀረጸ በሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ይፈጃልና ሃርድ ዲስክ ይዞ ይሂድ።

ዲስኩ በዝግታ ይጻፍ፤ ወረቀት አይለጠፍበት፤ በመያዣው ሆኖ ቀጥ ብሎ በደረቅ ስፍራ ይቀመጥ። ወደ ወላጆች ከመላኩም በፊት በኮምፒዩተር ሳይሆን፥ እነሱ ቤት እንዳለው ባለ ተራ ማጫወቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይታይ፤ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ወደ መጨረሻው ነውና።